የማኑሄ አሥራ አንድ ቀን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ ተናኘ፣ መርሐቤቴ።

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ጆሮሽስ? ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ወይዘሮ ውዳሴ ባለፈው ከእናንተ ዘንድ ስትመለስ ቀኝ ጆሮሽም እንደ ግራው መድከም መጀመሩን ነግራኛለች። ዘይት እያሞቅሽ ጠብ እንደምታደርጊበት አውቃለሁ፤ እባክሽ ተይ፣ ሐኪሙ ምንም ነገር እንዳይገባበት ብሎሻል። አያታችን አባባ ማሞስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይስ ዘንድሮም በዚያ ዕድሜያቸው ካልቆፈርኩ እያሉ ያስቸግሩሻል? ላሚቱስ በሰላም ወለደች? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ማኑሄም ደህና ነው፤ ደህና ነው ስልሽ አካሉን ነው፣ የቀረውን ወደ ታች ታገኚዋለሽ። በደወልኩልሽ ቁጥር ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም እልሽ ነበር፤ አሁን ግን ሌላም ጎድሎብናል፣ የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው።

የኔታ፣ ይህን እርስዎ እንደሚያነቡላት አውቃለሁና አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜ አንድ ነገር ልለምንዎ። በሩን ዘግተው፣ በቀኝ ጆሮዋ በኩል ጠጋ ብለው፣ ቀስ እያሉ ያንብቡላት። እንደ ወንጌል ከፍ አድርገው ካነበቡት አገሩ በሙሉ ይሰማዋል። እኛ ደግሞ በጩኸት የተነሳ አንድ ጊዜ ተቃጥለናል።

እማዬ፣ ስልክ እያለ ወረቀት ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። አንቺን በስልክ ለማነጋገር እንዴት እንደምጮህ ታውቂያለሽ፤ ጎረቤቶቼ ያንቺን ጤና ከእኔ እኩል ያውቁታል። ከአሁን በኋላ ቁም ነገር ሲኖር እጽፍልሻለሁ፣ በስልክ ግን ሰላምታ ብቻ እንለዋወጣለን።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። ማኑሄና የእነ ቀጄላ ልጅ ሮበሌ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ለሆነው ብሔራዊ ቡድን ለሙከራ መጠራታቸውን በጥምቀት ሰሞን ነግሬሽ ነበር። ቀጄላን አትረሺውም፤ ወተት ያመጣልን የነበረው የላፍቶው ገበሬ ነው። ከተማው ዙሪያውን ቢከበውም እስከ ዛሬ ላሞቹን አልሸጠም። ሚስቱ ገዲሴ ማኑሄን ስትወልጂ እጅሽን ይዛ የዋለችው ናት፤ ያን ጊዜ እሷም ሮበሌን ፀንሳ ነበር። ልጆቹ ከእነ ቀጄላ ቤት ጀርባ ባለው ሜዳ አንድ ኳስ ሲያባርሩ ነው ያደጉት። ሁለቱም ግራ እግረኛ ናቸው።

ውድድሩ የአፍሪካ ዋንጫ ይባላል፤ የትልልቆቹ ሳይሆን የልጆቹ ነው። የየአገሩ ታዳጊዎች ሞሮኮ ላይ ተገናኝተው ይጋጠማሉ፣ የቀናቸው ደግሞ ለዓለም ዋንጫ ያልፋሉ። ቡድናችን ማጣሪያውን ያለፈው የእኛ ልጆች ሳይኖሩበት ነበር። አሰልጣኝ ዱጉማ ግን በግራ በኩል የሚከላከል ልጅ ስለጎደላቸው በየሰፈሩ ሲፈልጉ ሁለቱን አንድ ሜዳ ላይ አገኟቸው። አንቺ ኳስ አይገባሽምና በአጭሩ እንዲህ ልበልሽ፤ ቦታው ለአንድ ልጅ ነበር፣ የተጠሩት ግን ሁለት ጓደኛሞች ናቸው።

በመጀመሪያ ዕድሜያቸው ተመረመረ። ኤም አር አይ የሚባል ማሽን አለ፤ የእጃቸውን አንጓ አስገብተው አጥንቱን ያዩታል። አጥንቱ ተጋጥሞ ካለቀ ልጁ ከአሥራ ሰባት አልፏል ይባልና ይሸኛል። ማኑሄ ይህን በስልክ ሲነግርሽ እጁ የተሰበረ መስሎሽ አባባን እስከ ማስለቀስ ደርሰሽ ነበር፤ አልተሰበረም። እዚያ ማሽን ላይ የወደቁ ልጆች ነበሩ። አንዱን ልጅማ ጓደኞቹ ጢሙን ተላጭቶ ቢመጣም አጥንቱን መላጨት አልቻለም እያሉ ሲስቁበት ዋሉ። ማኑሄና ሮበሌ ሁለቱም አለፉ። ማሽኑ ግን ዓመት ቢለይ ነው እንጂ ቀን አይለይም፤ ይህን ያዢልኝ።

በየካቲት መጀመሪያ ላይ አሰልጣኙ ማኑሄን ይዘው ሮበሌን አሰናበቱት። ልጁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ እኛ ቤት መጣ። ሀና ማርያም ያለችው የስፌት ሱቄ ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ማኑ ከእኔ ይፈጥናል፣ አሰልጣኝ ብሆን እኔም የምመርጠው እሱን ነው አለኝ። ያቀረብኩለትን ሽሮ በልቶ ጨረሰና ሄደ። ከዚያ በኋላም ማኑሄ እረፍት ኖሮት ከካምፕ በመጣ ቁጥር አብሮት ይሮጥ ነበር፤ ለምን ትደክማለህ ስለው፣ ኳስ የሚያቀብለው ሰው ያስፈልገዋል ይለኛል። እኔ ብሆን አላደርገውም። አኩራፊ መሆኔን ራስሽ ታውቂያለሽ።

ከዚያ ለምዝገባና ለፓስፖርት ዋናውን የልደት ምስክር ወረቀት አምጪ ተባልኩ። ይዤ ሄድኩ። ሰነድ የሚሰበስቡት ሰውዬ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አነበቡትና፣ ጥር ሃያ አንድ ቀን 2001፣ ጥሩ ነው አሉኝ። ገደቡ ታኅሣሥ ሃያ ሦስት መሆኑን ነገሩኝ፤ በፈረንጆቹ የዓመቱ መጀመሪያ ቀን ነው፣ ከዚያ ቀድሞ የተወለደ አይገባም። ቀጥለውም፣ በአስተርእዮ ማርያም ተወለደ ማለት ነው፣ የታደለ ልጅ አሉ። እኔም አሜን ብዬ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ነገሩ የበራልኝ። አስተርእዮ ማርያም ማኑሄ የተወለደበት ሳይሆን ክርስትና የተነሳበት ቀን ነው። ድግሱን አስታውሳለሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ዳቦውን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው የሚነሳው። በጣቴ አርባ ቀን ወደ ኋላ ስቆጥር ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ላይ አረፍኩ። ሚካኤል ነበር፤ ከቅዳሴ ስትመለሺ ምጥ ያዘሽና ገዲሴን ልጠራ ስሮጥ አንድ ጫማዬ መንገድ ላይ ቀረ። ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ከታኅሣሥ ሃያ ሦስት በአሥራ አንድ ቀን ይቀድማል። ልጃችን ለቡድኑ በአሥራ አንድ ቀን ትልቅ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በጣቶቼ ስቆጥር አይተው ዳዊት የምደግም ስለመሰላቸው ለእኔም ጸልዪልኝ አሉኝ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነም እዚያው ገባኝ። የእኔ ነው። ማኑሄን አንደኛ ክፍል ላስመዘግብ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ያን ቀን ጉሊት ነበርሽ። የተወለደበት ቀን ተጽፎ ይምጣ ሲሉኝ ወደ ቤት ሮጬ ሳጥኑን ከፈትኩና የክርስትናውን ፎቶ አገኘሁ። ጀርባው ላይ አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፉ "ማኑሄ፣ ጥር 21 ቀን 2001 ዓ.ም." ብሎ ጽፎበታል። እሱን ገለበጥኩት። ለአፍታ ቆም ብዬ ባስብ አውቀው ነበር፤ ግን ሰልፉ ረጅም ነበር፣ እኔም ወጣት ነበርኩ፣ ቀን ደግሞ ቀን ነው ብዬ ነው። ያ ቀን ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ መታወቂያው እየተገለበጠ ሄደ። እኛ ቤት ልደት ተከብሮ አያውቅም፤ አንቺም የምትቆጥሪው የሚካኤልን ጽዋ ነው። ማን ይታዘበው?

ቤት እንደደረስኩ ነው የደወልኩልሽ። ክፍሉ ውስጥ ኔትወርክ ስለማይሠራ ግቢው መሀል ቆሜ ነበር። ያልኩሽን ታስታውሺያለሽ፤ ማኑሄ የተወለደው ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ነው ወይስ ጥር ሃያ አንድ ብዬ አራት ጊዜ ጮህኩ። አንቺ በመጀመሪያ፣ ሚካኤልን፣ ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ የሚካኤል ስጦታ ነው አልሽ። ነገሩን ሳስረዳሽ ግን፣ ጥር ሃያ አንድ ከተባለ ጥር ሃያ አንድ ነው፣ ማርያም የሰጠችውን አትንኪ፣ ዝም በይ አልሽኝ። እኔም፣ እሺ እማዬ፣ ዝም እላለሁ፣ አሥራ አንድ ቀን ማን ያውቃል ብዬ እንደገና ጮህኩ። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ማኑሄና ሮበሌ ከውኃ ታንከሩ ሥር ተቀምጠው የጫማቸውን ጭቃ በእንጨት ይፍቃሉ። ከልምምድ መመለሳቸውን አላየሁም ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ማኑሄ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ጫማው ተመለሰ። ሮበሌ ተነስቶ፣ እቴ አማከለች፣ እናታችንን ሰላም በያት፣ እኔ ላሞቹን ላስገባ ብሎ ሄደ። በዚያ ምሽት ማኑሄም እኔም ስለ ነገሩ አላነሳንም። እውነቱን ልንገርሽ፤ አንቺ ዝም በይ ባትዪኝም ዝም እል ነበር። ለራሴም ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር፤ ሌሎቹ ዓመት ሲቀንሱ እኛ ባናውቅ ያመጣነው አሥራ አንድ ቀን ምንድን ነው እል ነበር። ሞሮኮ ሲጫወት በቴሌቪዥን ታዪዋለሽ። አባባን ልትጦሪ አገር ቤት ገብተሽ አምስት ዓመት ሙሉ ያላየሽውን ልጅ ሰንደቅ ዓላማ ደረቱ ላይ አድርጎ ታዪዋለሽ። እኔ የማስበው ይህን ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አሰልጣኝ ዱጉማ ደውለው በአስቸኳይ ነይ አሉኝ። ተሰብሮ ነው ብዬ የሙሽራ ቀሚስ ስፌት መኪናው ላይ እንደተወጠረ ጥዬ ሮጥኩ። ስደርስ ማኑሄ ከአሰልጣኙ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ቆሟል። ጠዋት ራሱ ገብቶ፣ ዕድሜዬ ልክ አይደለም፣ በአሥራ አንድ ቀን እበልጣለሁ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የክርስትናዬ ቀን ነው ብሎ ነግሯቸዋል። ሰውዬው ራሰ በራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሃያ አምስት ዓመት አሰልጥኛለሁ፣ ዕድሜውን ቀንሶ የመጣ እንጂ ጨምሮ የመጣ ልጅ አላየሁም አሉኝ። ተቆጥተው ይሁን ሊስቁ ፈልገው አልገባኝም። ከዚያ ጠየቁኝ፤ እህቱ ነሽ፣ እውነት ነው ወይ አሉኝ። ማኑሄ አላየኝም፣ መስኮቱን ነበር የሚያየው። እማዬ፣ ውሸት ነው ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ያወጣሁት ቃል ግን እውነት ነው የሚል ሆነ።

አሰልጣኙ ምርጫ እንደሌላቸው በደንብ አስረዱኝ። አሁን አውቀው ቢወስዱትና በኋላ ቢታወቅ የሚቀጣው ማኑሄ ብቻ አይደለም፤ ቡድኑ በሙሉ ከውድድሩ ይሰረዛል፣ የሌሎቹ ልጆች ድካምም ከንቱ ይቀራል። ማኑሄን ግን ትከሻውን ይዘው፣ ወረቀትህን አስተካክል፣ ከሃያ ዓመት በታች ቡድን ሲዋቀር በእውነተኛው ቀንህ መጀመሪያ የማስጠራው አንተን ነው፣ በዚህኛው ወረቀት ግን ደጄን እንዳትረግጥ አሉት። ቁጥር ሦስት ማሊያውን መልሶ፣ ፈርሞ፣ ቦርሳውን ይዞ ወጣ።

አሁን የምነግርሽን የኔታ ዝቅ አድርገው ያንብቡልሽ። እማዬ፣ መታሁት። አንቺ እንኳን እጅሽን አንስተሽበት የማታውቂውን ልጅ ለቡ መብራት ኃይል የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በጥፊ መታሁት። ማን ጠየቀህ አልኩት። እናትህን አላሰብክም ወይ አልኩት። እሱ ጉንጩን እንኳ አላሻሸም። ረጋ ብሎ፣ ሮበሌ ሰምቷል እኮ አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አብሮኝ ሲሮጥ አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ ለአሰልጣኙ ቢናገር ቦታው የእሱ እንደሆነ ያውቃል፣ እሱ ዝም ያለው ለእኔ ብሎ ነው፣ እኔ ዝም ብል ግን ለራሴ ብዬ ነው አለኝ። ተራችን ደረሰና ገባን። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም። ማታ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እጅሽ ቀላል ነው፣ የኳሱ ይብሳል ብሎ አለፈኝ።

ሰፈሩ እንደተለመደው ለሁለት ተከፈለ። የሙሽራዋ እናት ቀሚሱን ልትለካ መጥታ፣ እንዲህ ያለ ሞኝ ልጅ አይቼ አላውቅም፣ ፈረንጅ አገር እግሩ ከገባ በኋላ አይናገርም ነበር ወይ አለችኝ። ሌላዋ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። ሁለቱንም ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ መርፌው ይወጋችኋል አልኳቸው። ማኑሄ አንድ ቀን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። በማግስቱ በጠዋት ተነስቶ ጫማውን አሠረና ወደ ሜዳ ወጣ። አለቀሰ ወይ ብትዪኝ አላየሁም፤ ትራሱን ሳነሳ ግን እርጥብ ነበር።

ሮበሌ በዚያው ሳምንት ተጠራ። ቱታው ስለረዘመበት ለማሳጠር ወደ እኔ መምጣት ነበረበትና መጣ፤ ግን ከደጃፉ አላልፍ አለ። ልብሱን በላስቲክ ይዞ ፀሐይ ላይ ተገትሮ ቆመ። ከመኪናዬ ሳልነሳ፣ ግባ እንጂ፣ እግርህን ሳልለካ እንዴት አድርጌ ልቆርጠው ነው አልኩት። ገብቶ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተለካ። አራት ጣት አሳጠርኩለት። በፒን እያያያዝኩለት ሳለ፣ እቴ፣ እኔ አልተናገርኩም እኮ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት፤ አንተ ብትናገር ኖሮ ይቀለን ነበር፣ አንተን እንረግም ነበር አልኩት። ያኔ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ በዚያው ሁለታችንም ዓይናችንን ጠረግን። ማኑሄ ከጓዳ ወጥቶ፣ ሱሪ ለማሳጠር ይለቀሳል እንዴ ብሎ ቀለደብን።

ቀጄላና ገዲሴ እሑድ መጡ። ጾማችንን እነሱ ስለማይጾሙት ረስተውት ነው መሰለኝ አንድ ሙሉ ቅል ጭኮ፣ በቅቤ የራሰውን የገብስ ምግብ፣ ይዘው መጡ። ገዲሴ ስታየኝ አፏን በእጇ ያዘች። ለፋሲካ ይቆያል አልኳት፤ አሁን ከቁም ሳጥኑ ላይ ተሸፍኖ በጠረኑ ያሰቃየናል። ቀጄላ ብዙ አይናገርም፣ ታውቂዋለሽ። ማኑሄን አጠገቡ አስቀምጦ ጭንቅላቱን ሲያሻሽ ቆየና፣ እኔ አንድ ወንድ ልጅ ነው ያለኝ ስል ኖሬያለሁ፣ ዋሽቻለሁ አለው። ገዲሴ ደግሞ የተወለደበትን ቀን እሷም ታውቀው እንደነበር፣ ልጆቹ ሲጠሩ ግን ገደቡን የነገራት ስለሌለ ልብ እንዳላለችው ነገረችኝ። ብታውቂስ ትናገሪ ነበር ወይ አልኳት። በእጄ ከማኅፀን የተቀበልኩትን ልጅ እንዴት አድርጌ አለችኝ።

ትናንት ቡድኑ ከመሄዱ በፊት ከአንድ ክለብ ታዳጊዎች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበረው። ሱቁን ዘግቼ ከማኑሄ ጋር ሄድኩ። እንዳይሄድ ፈልጌ ነበር፣ እሱ ግን ከእኔ ቀድሞ ለብሶ ቆየኝ። ሮበሌ በግራ በኩል ተሰለፈ። መጀመሪያ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ ሁለቴ አታሎት አለፈ፤ ሮበሌ ተደናገጠ። ማኑሄ ከአጥሩ ላይ ሊወጣ ትንሽ ሲቀረው፣ ወደ ውስጥ አታስገባው፣ ወደ መስመሩ ግፋው፣ እግሩን ሳይሆን ኳሱን እይ እያለ ይጮህ ጀመር። ዘጠናውን ደቂቃ በሙሉ ጮኸ። ከእረፍት በኋላ ያ ቀጭን ልጅ አንድም ጊዜ አላለፈም። አሰልጣኝ ዱጉማ ዞረው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ጨዋታውን አላየሁም፣ የማየው የማኑሄን አንገት ሥር ነበር። ኮርቼበታለሁ እማዬ። ተናድጄም ነበር። ያ ቁጥር ሦስት ማሊያ ጀርባው ላይ ቢሆን ብዬ ተመኝቻለሁ፤ ይህንንም አልደብቅሽም። ዛሬ ድምፁ ተዘግቶ እንዳንቺ በምልክት ነው የምናወራው።

ማኑሄ በቴሌቪዥን እንደሚታይ ለአገሩ ሰው ሁሉ እንደነገርሽ፣ ሰዎቹም ጨዋታውን ለማየት ከአለም ከተማ ጄኔሬተር ሊያመጡ እንደተስማሙ ወይዘሮ ውዳሴ አጫውታኛለች። አይቅርባቸው፣ ያምጡ። በግራ በኩል የሚከላከለውን ቁጥር ሦስት ያዩት፤ የገዲሴ ልጅ ነው በያቸው። ልጅሽስ የታለ ሲሉሽ ደግሞ የመሰለሽን ንገሪያቸው፤ ታሟል ብትዪም አልፈርድብሽም፣ እኔም ለሁለት ሦስት ደንበኛ ታሟል ብያለሁ።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። የልደት ወረቀቱን ለማስተካከል ወረዳ ሄጄ ነበር። ገዲሴ ልመስክር ብላ አብራኝ መጥታ ነበር፤ እናት በሕይወት እያለች የጎረቤት ቃል አይበቃም አሉን። አንቺ ባለሽበት ቀበሌ ሁለት ምስክር ባለበት ቃልሽን ሰጥተሽ፣ ጣትሽን አሳርፈሽ፣ ማኅተም ተደርጎበት መምጣት አለበት። ቅጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ አድርጌዋለሁ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ወይዘሮ ውዳሴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደዚህ ትመለሳለች፣ ለእሷ ስጫት።

ለአባባ ማሞ ጉልበትዎን ስማለች በይልኝ፤ ያስሰፋሁላቸው ጋቢ ከወይዘሮ ውዳሴ ጋር ተልኳል፣ ለፋሲካ ይልበሱት እንጂ ለመቃብሬ ብለው ሳጥን ውስጥ እንዳይከቱት። ለአክስቴ ለማኑሽ ከነልጆቿ፣ ለክርስትና አባቴ፣ ለዚያች ቀበጥ ላሚትሽም ጭምር ሰላምታዬ ይድረስልኝ። የኔታን፣ ዓይንዎን አደከምኩት፣ ይፍቱኝ በያቸው። ከዚህ በኩል ገዲሴና ቀጄላ እጅ ነስተውሻል፤ ሮበሌ ሲሄድ በጸሎትሽ አስቢኝ ብሎሻል። ማኑሄ ድምፁ ስለጠፋ በእኔ በኩል ጉንጭሽን ስሞሻል።

ቅጹ ላይ "ልጄ ማኑሄ የተወለደው" ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቦታ ባዶውን ትቼዋለሁ። እኔ አንድ ጊዜ ጽፌ ያደረግኩትን አይተሻል፤ እንደገና እጄን አላስገባም። የወለድሽው አንቺ ነሽ፣ ቀኑን በአፍሽ ተናገሪና የኔታ ይጻፉት። ጥር ሃያ አንድ ካልሽም ጥር ሃያ አንድ ይጻፋል፤ አሰልጣኙ ዳግመኛ አይጠሩትም እንጂ እኔ አልከራከርሽም። ማኑሄ ስለ ሞሮኮ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ማታ ማታ የሚጠይቀኝ፣ እማዬ የቱን ቀን ትል ይሆን እያለ ነው።

ልጅሽ አማከለች
አዲስ አበባ፣ ነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሀና ማርያም
የካቲት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.